ከሙሚን ዓለም ይዤ የመጣሁት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ በሒሳብ ሪፖርት ነው። አሁንም ስነሣ «ደግሞ የምን ወጪ ልታነብብን ይሆን?» ያላችሁ አትጠፉም። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ የልጆች መዝናኛ ቦታ ነው። ነገሩ ግን ዞሮ ዞሮ ወደ በጀታችን ይመጣል።

ባለፈው ክረምት እኅቴን ለመጠየቅ ፊንላንድ ሄጄ ነበር። የምትኖረው ቱርኩ በምትባል ከተማ ነው። ከዚያ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲኬድ ናንታሊ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አለች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1443 ከአንድ የሴቶች ገዳም ጋር የተቆረቆረች፣ የእንጨት ቤቶቿ እስከ ዛሬ ያማሩ ከተማ ናት። ከዳርቻዋ ካይሎ ወደምትባል ደሴት በድልድይ በእግር ይኬዳል። በ1993 የተከፈተው «የሙሚን ዓለም» ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሙሚኖች የተረት ፍጥረቶች ናቸው፤ ነጫጭ፣ ድቡልቡል፣ አፍንጫቸው ትልቅ፣ ሲያዩዋቸው ጉማሬ የሚመስሉ። የፈጠረቻቸው ቶቬ ያንሶን (1914–2001) የምትባል ፊንላንዳዊት ደራሲና ሠዓሊ ናት።

መዝናኛ ሲባል እኔ የጠበቅሁት የሚሽከረከርና የሚጮህ ማሽን ነበር። እዚያ ግን ደስታው በማሽን አይደለም። ያለው ረጅም ሰማያዊ ቤት፣ በዛፎች መካከል የሚያስኬድ መንገድ፣ የቲያትር መድረክና የተረቱን ሰዎች መስለው ከልጆች ጋር የሚጫወቱ ሠራተኞች ናቸው። ልጆች ቤቱ ውስጥ ገብተው ማድ ቤቱንም መኝታውንም ያያሉ። የእኅቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ሽርጥ ያደረገችውንና ጥቁር ቦርሳ የያዘችውን የሙሚን እናት ገና ከሩቅ ስታይ እጄን ለቃ ሮጠች። በኋላ «ከሁሉ እርሷን ለምን ወደድሻት?» ብዬ ጠየቅኋት። «አክስቴ፣ እርሷ እኮ ማንንም ከቤቷ አትመልስም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቶቬ ያንሶን የመጀመሪያውን የሙሚን ተረት መጻፍ የጀመረችው አገሯ በ1939 ጦርነት ውስጥ በገባችበት ክረምት ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1945 ነው። ታሪኩ እናትና ልጅ የጠፋውን አባት ፍለጋ ጫካና ጎርፍ የሚያቋርጡበት ነው። በመንገድ ላይ አንድ ብቻውን የቀረ ትንሽ ፍጥረት ሲያገኙ እናቲቱ ከእነርሱ ጋር ይዛው ትሄዳለች። በአባላት መዝገባችን «የቤተሰብ ኃላፊ» በሚለው ዓምድ የራሳችሁ ስም የተጻፈ እናቶች፣ ይህን ታሪክ ማንም ሊያስረዳችሁ አያስፈልግም።

ሌላም ታሪክ አለ፤ በ1962 በወጣ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ኒኒ የምትባል ልጅ ነበረች። የምታሳድጋት ሴት አትወድዳትም ነበር። አትመታትም፤ ግን በየቀኑ በአሽሙር ትወጋታለች። ልጅቷ ከፍርሃት ብዛት ቀስ በቀስ እየደበዘዘች በመጨረሻ ጨርሳ ከዓይን ጠፋች። መኖሯ የሚታወቀው በአንገቷ ላይ በታሰረው ቃጭል ብቻ ሆነ። ወደ ሙሚን እናት ቤትም ተወሰደች። እናቲቱም ምርመራ አላበዛችም። አልጋ አነጠፈችላት፤ ከራሷ ሻል ቀሚስ ሰፋችላት። ልጅቷ መጀመሪያ እግሯ ታየ፤ ቀስ በቀስ ሌላው ተከተለ። ፊቷ የተገለጠው ግን መጨረሻ ላይ፣ የምትወድዳት የሙሚን እናት የምትጠቃ መስሏት በተቆጣች ጊዜ ነው። መቆጣት የቻለ ልጅ ፍርሃቱ ለቆታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። የቁጠባ ስብሰባ በምናደርግበት ቀን ልጆቻችን በማቆያ ክፍሉ ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ። እዚያም ድምፅ የማያሰሙ፣ ከጥግ የማይነቃነቁ ልጆች አሉ። «ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም» እንላለን። ከኒኒ ታሪክ በኋላ ግን ይህን ቃል ስሰማ ደስ አይለኝም።

ለዚህ ክፍል የያዝነው ገንዘብ አለ። የቀረበውም ሐሳብ በሙሉ ለብረት ዥዋዥዌና ሸርተቴ እንዲውል ነው። ልጅ መሮጥና መውጣት መውረድ እንደሚያስፈልገው አልክድም። የእኔ ሐሳብ ግን ገንዘቡ ለሁለት እንዲከፈል ነው። ግማሹ ለዥዋዥዌ ይሁን። ግማሹ ደግሞ ለምንጣፍ፣ ለአማርኛ የልጆች መጻሕፍትና ተረት ለሚነግሩ እናቶች የውሎ አበል ይዋል። ብረት ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይያዝበታል። ተረት ግን በተነገረ ቁጥር ወራሽ ያፈራል። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን የአንድን አገር ልጆች ሲያስቀምጡ የያዙት ድምፃቸውንና ፍቅራቸውን ነበር።

«ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው» ትሉ ይሆናል። የሙሚን ዓለም ነጻ አይደለም፤ እኅቴ ለመግቢያው ቆጥባ ነው የወሰደችን። ነገር ግን የዚያ ሁሉ ንግድ መነሻ አንዲት ሴት በክፉ ቀን ቁጭ ብላ የጻፈችው ተረት ነው፤ መብቱም ዛሬ ድረስ በቤተሰቧ ድርጅት እጅ ነው። እኛ ዘንድ ያሉ እማማዎች የጦጣውን፣ የጅቡንና የአያ አንበሶን ተረት ከእናታቸው ወርሰዋል። ይህ ንብረት በሒሳብ መዝገባችን ላይ የለም። የእኅቴ ልጅ የሙሚንን ቤተሰብ አንድ በአንድ ትጠራለች፤ «ተረት ተረት» ስትባል ግን ምን ብላ እንደምትመልስ አታውቅም ነበር። እዚሁ አጠገባችን ላሉ ልጆች ይህ እንዲሆን አልፈልግም።

ደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዥዋዥዌ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ተረት የምትነግር እናት አበል ግን በሪፖርት ውስጥ አንዲት መስመር ብቻ ናት። ያችን መስመር ስታዩ «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ እንዳትሰርዙብን።

ድምፅ የምንሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። እስከዚያ መዝገቡ እኔ ጋ ነው። ተረት የምታውቁ እናቶች ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ማንበብና መጻፍ አይጠየቅም።