የበደለ ወጣት እንዴት ይመለሳል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ጥቅም ብዙ ተነግሯል። እኛ ደግሞ ከትምህርት ገበታ ርቀው፤ በጥፋታቸው ከዳኛ ፊት ስለ ቆሙ የዕድሜ እኩዮቻችን ጥቂት ቃል ለመናገር ፈቃዳችሁን እንለምናለን።

አንድ ወጣት ሰርቆ ወይም የሰው ንብረት አጥፍቶ ሲገኝ ሁላችን የምንጠይቀው «ምን ያህል ይታሠር?» ብለን ነው። ይህ ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ልጁ ታሥሮ ሲወጣ የተሰበረው መስኮት እንደ ተሰበረ፤ የተበዳዩም ልብ እንደ ቆሰለ ይገኛልና። ስለዚህ «የተጎዳው ማን ነው? ጉዳቱንስ የሚጠግነው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ነገር በ1966 ዓ.ም. በካናዳ አገር፤ በኦንታሪዮ፤ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ ተፈጸመ። ሁለት ወጣቶች ሰክረው በአንድ ሌሊት በ22 ቦታዎች ንብረት አበላሹ፤ መስኮት ሰበሩ፤ የመኪና ጎማ ቀደዱ። ጥፋተኞችን በአመክሮ የሚከታተል ማርክ ያንትዚ የተባለ ሹም፤ ወጣቶቹ ከተበዳዮቹ ጋር ፊት ለፊት ቢገናኙ እንደሚሻል ለዳኛው ሐሳብ አቀረበ። ዳኛውም እንዲሁ አዘዘ። ወጣቶቹ በየቤቱ በር እያንኳኩ ጥፋተኞቹ እነርሱ መሆናቸውን ተናገሩ፤ ያደረሱትንም ጉዳት ከተበዳዮቹ አፍ ሰሙ፤ በጥቂት ወራትም ውስጥ ካሣ ከፈሉ። ከሁለቱ አንዱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ሰዎችን በማስታረቅ ሥራ የሚረዳ ሆነ።

ይህ ቅጣትን ማቅለል ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሰው የበደለውን ሰው ዓይን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያይ የእሥር ዘመኑን ሊፈጽም ይችላል። ንብረቷን ያጠፉባትን ባልቴት ደጅ ማንኳኳት ግን ከዚያ ይከብዳል።

ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ሽማግሌዎች በዳይና ተበዳይን አቀራርበው ያነጋግራሉ፤ ካሣ ይቆርጣሉ፤ «ዕርቅ ደም ያደርቅ» የተባለውም ስለዚህ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል እንዳይጠየቅ፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም ልጅ የአዋቂዎች ቅጣት እንዳይፈጸምበትና ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር እንዳይታሠር ይደነግጋል። ዳኛው ልጁ እንዲገሠጽ፤ በተቆጣጣሪ ሥር ሆኖ እንዲማር፤ ወይም በትምህርት ቤት ወይም በቤቱ ተወስኖ እንዲቆይ ለማዘዝ ይችላል።

ሆኖም ዕርቅ የበደል መሸፈኛ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። አባት ገንዘቡን ከፍሎ ልጁ ከቤት ሳይወጣ ቢቀር፤ ልጁ ምን ተማረ? ይልቁንም ልጃገረድ ተደፍራ፤ እርሷ ሳትጠየቅ ዘመዶች ብቻ ተነጋግረው ነገሩን ቢጨርሱት፤ ይህ ዕርቅ ሳይሆን ሁለተኛ በደል ነው። ስለዚህ ተበዳይ በፈቃዱ ይምጣ፤ በዳይም ጥፋቱን በገዛ አፉ ይመን፤ ካሣውንም በገዛ ድካሙ ይክፈል እንላለን።

የቀረው ድርሻ የእኛ ነው። በወንጌል እንደ ተማርነው ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል የገባው፤ ሰው ሁሉ ሲሸሸው ጌታ ወደ ቤቱ ከገባለት በኋላ ነው። ጥፋቱን አምኖ፤ ካሣውን ከፍሎ ወደ ክፍል የተመለሰ ልጅ «ሌባው» እየተባለ ከተጠራ፤ አጠገቡም የሚቀመጥ ካጣ፤ ወዴት ይሄዳል? ወደሚቀበሉት ይሄዳል፤ የሚቀበሉትም እነማን እንደ ሆኑ ሁላችን እናውቃለን።

እንግዲህ ወላጆቻችን የቤታችሁን ደጅ፤ መምህራኖቻችን የክፍሉን ደጅ እንዳትዘጉበት እንለምናለን። እኛ ተማሪዎችም በወንበራችን ላይ ቦታ እንልቀቅለት።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።