የአንጎል ኬላ፦ ኤች አይ ቪ፣ የማስታወስ ችሎታና የናኖቴክኖሎጂ ተስፋ



ስለ ቫይረስና ስለ አንጎል በጋምቤላ መነጋገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል የኤች አይ ቪ ስርጭት በአገር አቀፍ ደረጃ 0.9 በመቶ ሲሆን፣ በጋምቤላ ክልል 4.8 በመቶ ነበር፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ኤች አይ ቪ ሲነሣ ሁላችንም ደምን እናስባለን። የዛሬው ርእሳችን ግን ቫይረሱ በአንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው።

አንጎል የራሱ ኬላ አለው። የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ከውስጥ የሸፈኑት ህዋሳት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ስለሚቆሙ፣ በደም ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ እንደ ልቡ አያልፍም። ከካርቱም በባሮ ወንዝ የሚመጡ መርከቦች ይራገፉበት የነበረውን የከተማችንን ወደብ አስቡ፤ በእንዲህ ያለ ኬላ ኮንትሮባንድ የሚያልፈው በታወቀ ጭነት ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ኤች አይ ቪም በነጭ የደም ህዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ ያልፋል። ከገባ በኋላ ማይክሮግሊያ የተባሉትን የአንጎል ተከላካይ ህዋሳት ያጠቃል። የነርቭ ህዋሳትን በቀጥታ ባይዝም፣ ከተያዙት ህዋሳት የሚመነጩ መርዛማ ፕሮቲኖችና የማያቋርጥ ብግነት ይጎዷቸዋል። ውጤቱም መርሳት፣ ትኩረት ማጣትና የእንቅስቃሴ መዘግየት ነው።

ያው ኬላ መድኃኒትንም ያግዳል። አንዳንድ የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ወደ አንጎል የሚደርሱት በአነስተኛ መጠን ነው። በደሙ ውስጥ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው እንኳ መለስተኛ የማስታወስ ችግር ሊኖርበት ይችላል።

ናኖቴክኖሎጂ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ከስብ ወይም ከፖሊመር በተሠሩ ደቃቅ ቅንጣቶች ውስጥ አድርገው፣ የኬላው ህዋሳት ለይተው የሚቀበሉትን፣ ለምሳሌ ትራንስፈሪን የተባለውን ፕሮቲን ያለብሷቸዋል። ቫይረሱ በገባበት ስልት መድኃኒቱም እንዲገባ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስልት በአብዛኛው ገና በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ የሚሞከር ነው። ለታካሚዎች የደረሰው ሌላ ፍሬ ነው፦ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በአሜሪካ የተፈቀደው የካቦቴግራቪርና የሪልፒቪሪን መርፌ። በናኖ መጠን የደቀቀው መድኃኒት ከጡንቻ ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚለቀቅ፣ በወር ወይም በሁለት ወር አንድ ጊዜ ይሰጣል። የተሠራው የአንጎልን ኬላ ለመሻገር አይደለም፤ ሆኖም በየቀኑ ኪኒን መዋጥን ለሚረሳ ሰው ትርጉሙ ታላቅ ነው።

ተማሪዎቼ፣ መድኃኒቱን የረሳ ታካሚ «ግድየለሽ» ከመባሉ በፊት ይመርመር። መርሳቱ ራሱ የሕመሙ ምልክት ሊሆን ይችላልና። ዓለም አቀፉ የኤች አይ ቪ የመርሳት ችግር መለኪያ አራት ቃላትን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማስታወስንና የጣትና የእጅ እንቅስቃሴን ይፈትሻል፤ ውድ መሣሪያ አይሻም። ነገር ግን አራቱ ቃላት ታካሚው በማይችለው ቋንቋ ከተነገሩት፣ የፈተንነው ቋንቋውን እንጂ አእምሮውን አይደለም። መለኪያውን በአኙዋክኛና በኑዌርኛ ማዘጋጀትና ትክክለኛነቱን መፈተሽ ከእናንተ የሚጠበቅ ሥራ ነው፤ ይህን ለመጀመር የናኖ ቅንጣቶችን መምጣት መጠበቅ አያስፈልግም።