ታንኳዋ ስትደርቅ

ዛሬ ወደ ጣና ዳር ልውሰዳችሁ።

ዓሣ አስጋሪው ከሐይቁ ሲመለስ ታንኳውን ውኃ ላይ ትቷት አይሄድም። ወደ ዳር ይጎትታታል። ያቆማታል። ውኃዋ ይንጠፈጠፋል፤ ፀሐይ ታገኛታለች። ታንኳዋ የደንገል ናት። ደንገል ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ውኃ የጠጣች ታንኳ ትከብዳለች። ቶሎም ትበሰብሳለች። ስለዚህ ትደርቃለች፤ የላላውም እንደገና ይታሰራል።

ለሚያያት ሥራ ፈታ የቆመች ትመስላለች። እኔ ግን የነገው ጉዞ እዚያው ተጀምሯል እላለሁ።

እኛስ? ከሥራ ወደ ሥራ፣ ከስልክ ወደ ስልክ። «ሲከብደኝ አርፋለሁ» እንላለን። አስጋሪው ታንኳዋ እስክትከብደው አይጠብቅም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ስልካችሁን አስቀምጡና ትንሽ ፀሐይ ሙቁ። የት ጠፋችሁ የሚል ካለ፣ ውኃችንን እያንጠፈጠፍን ነበር በሉት።