ካርዱ አልተቃጠለም
እሷ፦ አዲስ ቅዳም ላይ ኮምፒውተር የምትጠግኑ፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ፎርማት ተደርጎ ሲመለስ ዋይፋዩ የለም። ካርዱ ተቃጥሎ ነው?
እሱ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። የጎደለው ድራይቨሩ ነው፤ ሲስተሙንና ዕቃውን የሚያግባባው ፕሮግራም።
እሷ፦ ታዲያ አንዴ ከተጫነ አይበቃም?
እሱ፦ የሲስተሙ እምብርት ከርነሉ ነው። እሱ ሲለወጥ ድራይቨሩም መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ሊነክስ በተባለው ሲስተም የከርነሉ ኮድ እኮ ከግማሽ በላዩ ድራይቨር ነው!
እሷ፦ አምራቹ አሮጌውን ዕቃ ቢተወውስ?
እሱ፦ የሊነክስ ኮድ ክፍት ነው፤ ሌላው ይጠግነዋል።
እሷ፦ ጠጋኝ ከተገኘ ነዋ! እ.ኤ.አ. በ2019 የአሮጌው ፍሎፒ ዲስክ ድራይቨር ባለቤት አልባ ተብሎ አልነበር?
እሱ፦ ልክ ነሽ፤ ኋላ ግን ተረካቢ አገኘ።
እሷ፦ እንግዲህ ደንበኛን «አዲስ ግዛ» ከማለታችሁ በፊት ድራይቨሩን ፈልጉ።
እሱ፦ ከአምራቹ ገጽ ወይም ከራሱ ከሲስተሙ ምንጭ ብቻ! ከየትም የወረደ ቫይረስ ይዞ ሊገባ ይችላል።