መምህሩን በኦሪት መዝኑት



እ.ኤ.አ. በ1860 ሄንሪ ስተርን የተባለ ሚስዮናዊ ከለንደን ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች መጣ። ትውልዱ አይሁዳዊ ነበር፤ ስብከቱ ግን ከኦሪት የሚያስወጣ ነበር። ስለዚህ በ1867 ከፓሪስ ዮሴፍ ሃሌቪ በወንድምነት ሲመጣ አባቶቻችን ተጠራጠሩት፤ የኢየሩሳሌምን ስም ሲያነሣ ነው ልባቸው የተከፈተለት። መልካም አደረጉ፤ ወገን ነኝ ማለት ብቻውን አይበቃምና።

ዛሬም የሙሴን ስም እየጠራ፣ የአማርኛ መጽሐፍ ይዞ በራችሁን የሚያንኳኳ ቢመጣ፣ እንግዳ ነውና ቡና አቅርቡለት። ትምህርቱን ግን በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 13 መዝኑት። እኛንም ቄሶቹን እንዲሁ፤ በግዕዝ ያነበብነውን በአማርኛ ስንተረጉም ከቃሉ ብንጨምር ወይም ብንቀንስ ዝም አትበሉን። እግዚአብሔር ስግዳችንን ይቀበል፤ አሜን።