የድጋፍ ግንብ ግፊት ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሲሸጋገር
(ለምሕንድስና ተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ትንሽ ስለሚመስል አንድ ሥራ ነው። ይኸውም የድጋፍ ግንብ በሚያሰላ ፕሮግራም የተገኘውን የአፈር ግፊት አውጥቶ ወደ ሌላ ፕሮግራም ማስገባት ነው። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ጽሕፈት ሥራ እንቆጥረዋለን። ቁልፉን እንጫናለን፤ ሠንጠረዡ ይወጣል፤ ወደ ኤክሴል እንገለብጠዋለን፤ ከዚያም የግንቡን ውፍረትና ብረት ለሚያሰላው ጓደኛችን እናስረክበዋለን። ነገር ግን ግንብ ከሚወድቅባቸው ምክንያቶች አንዱ ከዚህ ርክክብ ሊጀምር እንደሚችል ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ።

የግፊቱ ትምህርት አሮጌ ነው። ፈረንሳዊው የጦር መሐንዲስ ኩሎም ስለ አፈር ግፊት የጻፈው ጥናት በ1776፤ የስኮትላንዱ ራንኪን ቀመር ደግሞ በ1857 በአውሮፓ አቆጣጠር ታተሙ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች እስከ ዛሬ የቆሙት እነዚህ ሰዎች በጣሉት መሠረት ላይ ስለ ሆነ ቀላሉን ጉዳይ እኛም በእርሳስ ልናሰላው እንችላለን። ቁመቱ 4 ሜትር የሆነ ግንብ ከኋላው ደረቅ አሸዋ ተሞልቷል እንበል። የአሸዋው የውስጥ ሰበቃ ማዕዘን 30 ዲግሪ፤ ክብደቱ በሜትር ኩብ 18 ኪሎኒውተን ይሁን። በራንኪን ቀመር ማባዣው አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ስለዚህ ግፊቱ ከራስጌ ከዜሮ ተነሥቶ በግርጌ በካሬ ሜትር 24 ኪሎኒውተን ይደርሳል፤ ጠቅላላ ኃይሉም በግንቡ በያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 48 ኪሎኒውተን ነው።

ከፕሮግራሙ የሚወጣው ሠንጠረዥ ግን ይህን ታሪክ አይናገርም። በአንደኛው ዓምድ ጥልቀት፤ በሁለተኛው ዓምድ «24» የሚል ቁጥር ብቻ ይገኛል። የምን 24? ሽማግሌዎቻችን «ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ሥሩ ያልታወቀ ቁጥር ደግሞ ምን እንደሚያደርግ በምሳሌ እንየው።

ያንኑ ግንብ በክረምት እናስበው። የውሃ ማውጫ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ተደፍነው ከኋላው ውሃ እስከ ራስጌው ሞልቷል። ውሃ የጠገበው አፈር በሜትር ኩብ 20 ኪሎኒውተን ይመዝን፤ የውሃውን ክብደት 10 ብለን እንያዝ። ውሃው አፈሩን ስለሚያቀልለው የአፈሩ ኃይል ብቻውን ወደ 27 ኪሎኒውተን ዝቅ ይላል፤ የውሃው ኃይል ግን 80 ይሆናል። ድምሩ 107 ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ ፕሮግራሞች የአፈሩን ግፊት በአንድ ዓምድ፤ የውሃውን በሌላ ዓምድ ያወጣሉ። የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ ገልብጦ የሄደ ሰው ከእውነተኛው ጭነት ከአራት እጅ አንዱን ብቻ ይዞ ሄደ ማለት ነው። የከፋው ነገር ቁጥሩ ከደረቁ ጊዜ ያነሰ ስለ ሆነ ተቀባዩን ደስ ያሰኘዋል እንጂ አያስደነግጠውም።

ሁለተኛው የማባዣ ነገር ነው። የአውሮፓው የግንባታ ኮድ በአንዳንድ ስሌቶች ቋሚውን ጭነት በ1.35 እንድናባዛ ያዛል። ላኪው አባዝቶ ሳለ ተቀባዩ ደግሞ ቢያባዛ 48ቱ መጀመሪያ 64.8፤ ቀጥሎም 87.5 ይሆንና የአገር ሲሚንቶና ብረት በከንቱ ይባክናል። ሁለቱም «ያኛው አባዝቶታል» ብለው ቢተዉት ደግሞ ግንቡ ያለ ዋስትና ይቀራል።

ሦስተኛው ሁለት ዓይነት አፈር በሚገናኙበት ቦታ ይደርሳል። እዚያ ግፊቱ በድንገት ስለሚዘል ፕሮግራሙ ለአንድ ጥልቀት ሁለት ቁጥር ይጽፋል። «ይህ ድግግሞሽ ነው» ብሎ አንዱን መስመር የሚሰርዝ ሰው የግፊቱን ቅርጽ አበላሸው።

አራተኛው መለኪያ ነው። በ1999 በአውሮፓ አቆጣጠር ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው መንኩራኩር ማርስ አጠገብ ስትደርስ የጠፋችው አንዱ ፕሮግራም በፓውንድ ያወጣውን የግፊያ ቁጥር ሌላው በኒውተን እንደ ተጻፈ አድርጎ ስለ ተቀበለው ነው። ልዩነቱ አራት እጥፍ ተኩል ያህል ነበር። በእኛ ሥራም ቶንና ኪሎኒውተን ቢደባለቁ ስሕተቱ አሥር እጥፍ ገደማ ይሆናል። እንዲሁም አንዱ ኮምፒውተር ክፍልፋዩን በነጥብ፤ ሌላው በኮማ ቢጽፍ «24,5» የተባለው 245 ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፤ ከሠንጠረዡ ራስ ላይ መለኪያው፤ ጥልቀቱ ከየት እንደ ተለካ፤ ቁጥሩ ለስንት ሜትር ርዝመት እንደ ሆነ፤ ውሃው መግባት አለመግባቱ፤ መባዛት አለመባዛቱ ይጻፍ። አምስት መስመር ነው። ሁለተኛ፤ ተቀባዩ የተረከበውን ግፊት ራሱ ደምሮ ኃይሉን ያውጣ፤ በግርጌው ላይ የሚያሳድረውን ሞመንትም ያስላ። በደረቁ ምሳሌያችን 48 ኪሎኒውተንና 64 ኪሎኒውተን ሜትር ማግኘት አለበት። ከላኪው ዘገባ ጋር ከተስማማ ቁጥሩ በመንገድ አልተበላሸም። ይህ ማለት ግን ስሌቱ ከመነሻው ትክክል ነበር ማለት አይደለም፤ የአፈሩ ማዕዘን 30 ዲግሪ መሆኑን የሚመሰክረው የአፈር ምርመራ ብቻ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ፕሮግራሞቹ አሁን በቀጥታ ስለሚገናኙ ይህ ሁሉ ድካም ቀርቷል» ይሉ ይሆናል። ግንኙነቱ ቁጥርን ያሻግራል፤ ኃላፊነትን ግን አያሻግርም። ከቁልቁለቱ በታች ቤት ሠርቶ ልጆቹን ይዞ የሚተኛው ሰው የትኛው ፕሮግራም ለየትኛው እንደ ላከ አያውቅም፤ ሊያውቅም አይገባውም። እርሱ እንቅልፉን የጣለው በእኛ ላይ ነውና ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት እርሳሳችንን እናንሣ።