ከሦስቱ ኩባንያዎች የትኛው በለጠ?



ተከራካሪዎቻችን በግንቦት 1987 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ላይ በተከፈተው በመጀመሪያው የኢ3 የቪዲዮ ጨዋታ ኤግዚቢሽን ከሁሉ የበለጠው ሴጋ ነው ብለዋል። (ኤግዚቢሽኑ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ፈጽሞ መዘጋቱ ታውቋል።) ምክንያታቸውም ሴጋ ሳተርን የተባለውን መሣሪያ ከዚያው ቀን ጀምሮ በሱቅ እንደሚገኝ ማስታወቁ ነው። በእውነቱ ድፍረት ነው። ነገር ግን ዕቃው የደረሰው ለተመረጡ ጥቂት ነጋዴዎች ብቻ ስለ ነበረ የቀሩት ተቀየሙ፤ ኬቢ ቶይስ የተባለው የመጫወቻ ነጋዴማ የሴጋን ዕቃ አልሸጥም እስከ ማለት ደረሰ። እኛ በወልቂጤ ገበያ ያደግን ልጆች ነጋዴን ማስቀየም ምን እንደሚያስከትል ሌላ አስተማሪ አያሻንም።

የሳተርን ዋጋ 399 ዶላር ነበር። የሶኒው ስቲቭ ሬስ በተራው ወደ መድረክ ወጣና «299» ብሎ ወረደ። ከዚህ ያጠረ ንግግር ሰምተን አናውቅም! ፕሌይስቴሽን አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው ጳጉሜን 4 ቀን መሆኑን አንክድም፤ የኒንቴንዶ አዲስ መሣሪያ ግን ያን ጊዜ ገና አልደረሰም ነበርና አናነሣውም።

«ኤግዚቢሽን የሚመዘነው በጨዋታው እንጂ በዋጋው አይደለም» ተብለናል። ይህ ለባለጸጋ ልጅ ይሆን ይሆናል። ነገር ግን 100 ዶላር ማለት አንድ አባት ለልጁ «እሺ» ወይም «ለከርሞ» የሚልበት ልዩነት ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ ወላጆች ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በመጨረሻም ፕሌይስቴሽን በዓለም ከ100 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ሳተርን 10 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም።

ስለዚህ ድምፅ ሲቆጠር እጃችሁን ለሶኒ እንድታነሡልን በትሕትና እንለምናለን።